አወቱን ለገደላችሁ፣ ልታድኑትም ለምትችሉ

ይድረስ፦ በጅማ ከተማ አስተዳደር ላላችሁ ኃላፊዎች፣ ፍሳሻችሁን ወደ አወቱ ወንዝ ለምትለቁ ድርጅቶች፣ ለቡና ማጠቢያ ባለቤቶች

የምጽፍላችሁ ከአወቱ መንደራ፣ በሐዘን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ዕድር ይሰበሰባል። ወንዝ ሲሞት ግን ለቅሶ የሚቀመጥለት የለም።

ዳርቻውን ለማስዋብ የደከሙትን አመሰግናለሁ። ውኃው ግን እንደታመመ ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ ፌስታልና የገበያ ጥራጊ ዛሬም ይወርድበታል። አወቱ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ጉማሬ ወደሚኖርበት የቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ግቤ ወንዝ። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግድብ ውኃ የሚያቁረው ከዚሁ ወንዝ ነው።

በማና፣ በጎማና በሊሙ ደግሞ እሸት ቡናው ሲደርስ የማጠቢያዎች ልጣጭና ሙጫ ጅረቶቹ ውስጥ ይገባል። ስኳር ያለበት ፍሳሽ ሲብላላ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በውኃው ያለው ሕይወት ይታፈናል፤ ከታች ያለው ገበሬም ከብቱን የሚያጠጣው ያጣል። የምንኮራበት ቡና የሚታጠበው በእነዚህ ገበሬዎች ውኃ ነው።

ይህን ሳታስተካክሉ ነገ ሠዓሊዎችን ጠርታችሁ በወንዙ ዳር ግንብ ላይ ጉማሬና ወፍ ሣሉልን ትሉ ይሆናል። እለምናችኋለሁ፣ ብሩሹን መሸፈኛ አታድርጉት። የጥበብ ሰው የሆነው ኤልያስ ስሜ የተጣለ ሽቦና የኮምፒውተር ቁርጥራጭ ከአዲስ አበባው መርካቶ ሰብስቦ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጎነጉናል፤ የጣልነውን መልሶ ዓይናችን ፊት ያቆመዋል። ለአወቱም የሚገባው እንዲህ ያለ ጥበብ ነው። ከወንዙ የወጣው ፕላስቲክ በዳርቻው መናፈሻ መሐል ይቁም። ፍሳሽ በሚወርድበት በእያንዳንዱ ቱቦ አፍ ላይ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሥዕል ይሣል። ሽርሽር የወጣ ቤተሰብ አበባውንም ቱቦውንም እኩል ይይ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣም ዓመታት አልፈዋል። የጎደለው የእናንተ ውሳኔ ነው። ቱቦዎቹን ቁጠሩ፤ ባለቤቶቻቸውን ጠይቁ። የሚመጣው የቡና ለቀማ ሳይደርስ እያንዳንዱ ማጠቢያ የሚሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ ይኑረው። የቦዬን ረግረግ ከጡብ ጭቃ ቆፋሪና ከባሕር ዛፍ ጠብቁት።

ይህን ካደረጋችሁ ሠዓሊ መጥራት አያስፈልጋችሁም፤ ሳትጠሩት ቀለሙን ይዞ ይመጣል።