ሸሪክ ወይስ አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ?

ሁለት ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ሥራ ለመጀመር ሲነሡ፣ ከምርቃቱ በፊት ሦስት ነገሮች በውል ይጻፋሉ። እነርሱም እያንዳንዱ የሚያዋጣው ገንዘብ ልክ፣ ትርፉ የሚከፋፈልበት ሥርዓት፣ እንዲሁም ከሸሪኮቹ አንዱ ለመውጣት ቢፈልግ ይዞት የሚወጣው ነገር ናቸው። ይህ ሳይጻፍ የተጀመረ ሽርክና ብዙውን ጊዜ በዳኛ ፊት እንደሚያበቃ ገበያው ያውቃል። ታላላቅ መንግሥታትም አዲስ የጦር መሣሪያ ለመመራመርና ለመሥራት ከወዳጆቻቸው ጋር ገንዘብ ሲያዋጡ ከዚህ ሕግ ውጭ አይሆኑም።

የመተባበሩ አስፈላጊነት ብዙ አያከራክርም። አንድ አዲስ የጦር አውሮፕላን ከመጀመሪያው ንድፍ አንሥቶ ለአገልግሎት እስኪበቃ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ወጪውም የአንድን አገር ግምጃ ቤት የሚያስጨንቅ ነው። ስለዚህ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ብዙ መንግሥታት መዋጮን መርጠዋል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ከ2021 እስከ 2027 ላለው ጊዜ ወደ 8 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ለዚሁ ዓላማ መድቧል። ከዚህም ውስጥ 2.7 ቢሊዮን ያህሉ ለምርምር፣ 5.3 ቢሊዮን ያህሉ ደግሞ ምርምሩን ወደ መሣሪያነት ለማድረስ የሚውል ነው። እንግሊዝ፣ ኢጣሊያና ጃፓንም አንድ ተዋጊ አውሮፕላን በጋራ ለመሥራት በ2022 ተስማምተው በ2023 ውሉን ፈርመዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው ከግብር ከፋዩ ኪስ ስለሆነ፣ በምላሹ ምን እንደተገዛበት መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ በአጭሩ ሲነገር፣ የእንዲህ ያለው ሽርክና ዋና ትርፍ ዕውቀቱ ነው። መዋጮውን ከፍሎ ዕውቀቱን ወደ አገሩ ይዞ የማይመለስ መንግሥት፣ ዕቃው ሳይሠራ ዋጋውን የከፈለ ደንበኛ እንጂ ሸሪክ ሊባል አይችልም።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይገኛል። እንግሊዝ በጀርመን የአየር ድብደባ በተጨነቀችበት በሴፕቴምበር 1940፣ በሰር ሄንሪ ቲዛርድ የሚመራ መልእክተኛ ቡድን ወደ አሜሪካ ተላከ። ቡድኑ ከያዛቸው ምሥጢሮች ዋናው ማግኔትሮን የሚባል፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነበር። ይህንንም ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉት ሊቃውንት በዚያው ዓመት መጀመሪያ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሠርተውት ነበር። እንግሊዝ ዕውቀቱ ሲኖራት የሚበቃ ፋብሪካ አልነበራትም፤ አሜሪካ ደግሞ ፋብሪካውም ገንዘቡም ነበራት። ሁለቱ ሲገናኙ መጠኑ ያነሰ፣ ጥራቱ የላቀ ራዳር በብዛት ሊሠራ ቻለ። ከጦርነቱም በኋላ በ1947 ያው ማግኔትሮን ምግብ የሚያሞቅ ምድጃ ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ አስመጪው ማይክሮዌቭ ብሎ የሚያስገባው፣ ባለሱቁም በመደርደሪያው ላይ የሚያኖረው ዕቃ የዚያ ሽርክና ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የከሸፈ ሽርክና ነው። አሜሪካና ምዕራብ ጀርመን በ1963 አንድ ታንክ በጋራ ለመሥራት ተዋዋሉ፤ ስሙም ኤም ቢ ቲ 70 ተባለ። ጀርመኖቹ በሚሊሜትር፣ አሜሪካኖቹ በኢንች የሚለኩ ስለነበሩ በመለኪያው እንኳ መስማማት አስቸጋሪ ሆነ። እያንዳንዱም የራሱን ፍላጎት በላዩ ሲጨምርበት ዋጋው ከታሰበው በላይ አሻቀበ። በ1970 መጀመሪያ ሽርክናው ፈረሰ፤ አሜሪካ ለብቻዋ የቀጠለችውንም ሥራ ምክር ቤቷ በ1971 መጨረሻ ገንዘብ ከለከለው። መዝገቡ እንዲህ ሲታይ ኪሣራ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም የተማሩትን ይዘው ወደየቤታቸው ስለገቡ፣ ጀርመን ሌዎፓርድ 2ን፣ አሜሪካም ኤብራምስን ለመሥራት በቁ። ታንኩ ቢቀርም ትምህርቱ አልቀረም።

ስለ ድርሻ አከፋፈል ደግሞ የአውሮፓው ዩሮፋይተር አውሮፕላን ብዙ ያስተምራል። ፈረንሳይ በ1985 ከሽርክናው ወጥታ ራፋል የተባለውን የራሷን አውሮፕላን ስትሠራ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ኢጣሊያና እስፓኝ ቀጠሉ። ደንቡም የሥራው ድርሻ ከሚታዘዘው አውሮፕላን ቁጥር ጋር እንዲመጣጠን ነበር። በኋላ ግን ጀርመን ትእዛዟን ከ250 ወደ 180 ስትቀንስ የሥራ ድርሻዋ እንዲቀነስባት አልፈለገችም፤ ክርክሩም ረዘም ያለ ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ ለጀርመን የደረሳት ከመቶ 29.03 ሆነ። 180ን ለጠቅላላው ትእዛዝ ለ620 ያካፈለ ባለሱቅ ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ያገኛል፤ ከብዙ ክርክር በኋላ የተደረሰበት ከመጀመሪያው በውሉ የነበረው ሒሳብ ነው። አውሮፕላኑም በ1994 ለመጀመሪያ ጊዜ በርሮ አገልግሎት የጀመረው በ2003 ነው። ሥራው በአራት አገሮች ተከፋፍሎ በአራት ቦታ መገጣጠሙ ዋጋውን እንዳናረው አይካድም። ቢሆንም አራቱም አገሮች አውሮፕላን የሚሠሩ እጆችን አትርፈዋል።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተለው ኤፍ 35 የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ነው። በዚህ ሽርክና ስምንት አገሮች ከአሜሪካ ጋር መዋጮ ከፈሉ፤ የሥራ ድርሻ ግን በመዋጮ ልክ ሳይሆን በዋጋና በጥራት ላሸነፈ ድርጅት እንዲሰጥ ተደረገ። ይህ ለነጋዴ ጆሮ መልካም ደንብ ነው፤ የከበደው የዕውቀቱ ጉዳይ ነበር። እንግሊዝ ለሥራው 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለማዋጣት ከገባች በኋላ፣ ሚኒስትሯ ሎርድ ድሬይሰን በማርች 2006 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ አውሮፕላኑን በራሷ ሥልጣን ለማሠራት የሚያስፈልገው ዕውቀት ካልተሰጣት አገራቸው እንደማትገዛው ለማስታወቅ ተገደዱ። ስምምነት የተደረሰው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ቱርክም 175 ሚሊዮን ዶላር ለማዋጣት ገብታ፣ ፋብሪካዎቿም የአውሮፕላኑን ክፍሎች ሲሠሩ ቆይተው፣ ኤስ 400 የተባለውን የሩሲያ መሣሪያ በማስገባቷ በ2019 ከሽርክናው ተሰናበተች፤ አንድም አውሮፕላን ወደ አገሯ አልገባም። በውሳኔው የሚስማማም የማይስማማም ሊኖር ይችላል። ለነጋዴ ግን ትምህርቱ አንድ ነው፤ የመውጫው በር በውሉ ላይ በግልጽ ሳይጻፍ ገንዘብ መክፈል አደገኛ ነው።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1985 ያወጣው ሕግ ሊጠና ይገባዋል። በሴናተር ሳም ነን አሳሳቢነት የወጣው ይህ ሕግ፣ ከሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን (ናቶ) ወዳጆች ጋር ለሚደረግ የጋራ ምርምር 200 ሚሊዮን ዶላር ለይቶ አስቀመጠ። ሁለት ጥብቅ ቅድመ ሁኔታዎችም ነበሩት። የአሜሪካ ድርሻ ከውጭ መንግሥት ወይም ድርጅት ዕቃና አገልግሎት መግዣ እንዳይሆን ከለከለ፤ ወዳጁም አገር አሜሪካ በእርዳታ ወይም በብድር የሰጠችውን ገንዘብ መልሶ እንደ መዋጮ እንዳያቀርብ አገደ። ይኸውም እያንዳንዱ በራሱ ገንዘብ በራሱ ቤት ይሥራ፣ ውጤቱን ግን ይካፈል ማለት ነው። ሕጉ ለአሜሪካ ፋብሪካዎች ያደላ ነው የሚሉ አሉ፤ በከፊልም እውነት አላቸው። ነገር ግን ይኸው ደንብ የወዳጁንም ገንዘብ በገዛ ፋብሪካው ያቆይለታልና፣ የሚደክመው እጅ የሚማረው እጅ ይሆናል።

ዕውቀትን ማካፈል ምሥጢርን ለሦስተኛ ወገን ያጋልጣል የሚለው ተቃውሞም ቀላል አይደለም። ላኪዎች እንደሚረዱት፣ አንዱ ሸሪክ የሌላውን ሽያጭ ሊያግድ መቻሉም እንዲሁ ችግር ነው፤ ጀርመን ዩሮፋይተር ለሳዑዲ ዓረቢያ እንዳይሸጥ ለዓመታት ተቃውማ ተቃውሞዋን ያነሣችው በ2024 ነው። የሁለቱም መድኃኒት ግን ዕውቀቱን መቆለፍ አይደለም። ለማን እንደሚሸጥና ማን እንደሚፈቅድ ገንዘቡ ከመከፈሉ አስቀድሞ መጻፍ ነው።

እንግዲህ ለጋራ ምርምር ገንዘብ የሚመድብ ምክር ቤት ሁሉ አራት ነገሮችን ሳያረጋግጥ ፊርማውን ሊያኖር አይገባውም። መዋጮው ከየራስ ገንዘብ ይሁን፤ የሥራው ድርሻ ከትእዛዙ ጋር ከፍና ዝቅ ይበል፤ የተገኘው ዕውቀት የከፋዮቹ ሁሉ ይሁን፤ የመውጫውና የሽያጩም ሥርዓት ከመጀመሪያው ይታወቅ። ትልቁ ሸሪክም ትንሹን እንዳይንቅ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለውን ማስታወስ ይበጀዋል።

ይህ ምክር ለመንግሥታት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከውጭ ፋብሪካ ጋር ሽርክና የሚገባ አስመጪም፣ ከዓመታት በኋላ በእጁ የሚቀረው የተለጠፈ የንግድ ምልክት ነው ወይስ የተማረ ሠራተኛ ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ውሉን የሚያነብበት ጊዜ ደግሞ ከክፍያው በፊት ያለው ጊዜ ነው።