«ተርጉመህ ና!»

ተሽከርካሪ ለማስመዝገብ የሄደ ሰው በመስኮቱ በኩል ከሚሰማው ትእዛዝ ሁሉ «ተርጉመህ ና» የምትለዋ በጣም ምክንያታዊ ትመስላለች። ሰነዱ በዓረብኛ ወይም በቻይንኛ ተጽፏል፤ መዝጋቢው ቋንቋውን አያውቅም፤ ስለዚህ ተተርጉሞና ማህተም ተመትቶበት ይምጣ። ማን ይቃወማል?

እኔ እቃወማለሁ። ተተርጉሞ የመጣውን ወረቀት ከልብ የሚያነበው ስለሌለ እቃወማለሁ። ማህተሙ የሚመሰክረው ተርጓሚው ድርጅት ሥራውን መሥራቱን ብቻ ነው። መኪናው የማን እንደሆነ፣ ቀረጥ ይከፈልበት አይከፈልበት፣ ባንክ ይይዘው አይይዘው ማህተሙ አያውቅም። ፋይሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሁሉም ነገር የተጣራ ያህል ይቆጠራል። ባለጉዳዩም መዝጋቢውም እፎይ ይላሉ፤ እፎይታው ከምን እንደመጣ ግን አንዳቸውም አይጠይቁም።

የሚገርመው ደግሞ ከዚህ ሥርዓት አንድ ቋንቋ በነፃ ማለፉ ነው። የዱባይ ወረቀት በዓረብኛ ከሆነ ይተርጎም ይባላል፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ፣ የዕቃው ደረሰኝ፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱ በእንግሊዝኛ ሆነው ሲመጡ ግን ማንም ቃል አይተነፍስም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው ይላል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ይወስናሉ ይላል። እንግሊዝኛን አይጠቅስም። ቢሮው ግን እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ መቁጠር ትቷል፤ መዝጋቢው ስለሚያነበው ባለቤቱም የሚያነበው ይመስለዋል።

እስቲ ጉዳዩን በአማራ ክልል፣ ዋግ ኽምራ ዞን ወዳለው ጋዝጊብላ ወረዳ እንውሰደው። በወረዳው ከተማ በአስከተማ የሚኖር አንድ ሰው ከብቱን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ሦስት እግር ባጃጅ ገዛ እንበል። ምናልባት አፉን የፈታው በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛውን በገበያና በትምህርት ቤት ተምሮታል። እጁ የገባው ክምር ወረቀት ግን ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው። ደላላው «ሁሉም ሙሉ ነው» ይለዋል። እሱም ይፈርማል። የክልሉ መገናኛ ብዙኃን በኽምጥኛ ዜና ያሰራጫል፤ ይህ ሰው ንብረቱን የሚያጣበት ወይም የሚያጸናበት ወረቀት ግን በቋንቋው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለውም። በቃል እንኳ የሚያነብለት የለም።

ሕጋችን ለዚህ ዓይነት ሰው አስቦ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የፈረመበት ወይም ጣቱን ያተመበት ውል በአዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ ሰነድ ፊት ከዚህ ሰው በምን ይለያል? ስሙን አሳምሮ መጻፍ ስለቻለ ጥበቃውን ያጣል፤ በዚያው ፊርማ ያልገባውን ነገር ሁሉ እንዳመነ ይቆጠርበታል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በወረቀቱ ውስጥ ከተቀበሩት ነገሮች ትልቁ ተሽከርካሪው ከቀረጥ ነፃ መግባት አለመግባቱ ነው። ለኢንቨስትመንት ወይም ለእርዳታ ሥራ ተብሎ ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ፒክአፕ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው የሚዛወረው ቀረጡ ሲከፈል ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ በውክልና ይገዛል፤ ስም ላዛውር ያለ ዕለት ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚፎካከር ዕዳ ይወጣበታል። ዲክላራሲዮኑ ላይ ነገሩ ተጽፎ ነበር። «ከቀረጥ ነፃ ነው፣ እንዳትገዛ» ብሎ በሚገባው ቋንቋ የነገረው ግን አልነበረም።

ዘመንም ሌላ ወጥመድ ነው። የጃፓን ሰነዶች ዓመትን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቆጥራሉ፤ «ሄይሴይ 20» የሚለው በአውሮፓውያን 2008 ነው። በእኛ ከሆነ ደግሞ እንደ ወሩ 2000 ወይም 2001 ነው። በሦስት አቆጣጠር መካከል አንድ ግድየለሽ ተርጓሚ ሲገባ ምን እንደሚከተል አስቡት። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪናን እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ ይዘት ከፍ ባለ መጠን፣ እስከ 500 በመቶ ድረስ ያስከፍላል፤ የአንድ ዓመት ስህተት የገንዘብ ስህተት ነው። ሊብሬ ላይ 2008 ተብሎ የተጻፈን ዓመት «የፈረንጅ ነው የኛ?» ብሎ መጠየቅም ሞኝነት አይደለም፤ ከነጋዴ በቀር ሁሉም ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

ደግሞ ብዙውን ነገር ብረቱ ራሱ ይናገራል። ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር በጄ ከጀመረ የጃፓን፣ በኤል ከጀመረ የቻይና ነው፤ ከባጃጅ ፋብሪካ የወጣው በኤምዲ2 ይጀምራል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው መጥረጊያ ጨርቅና የእጅ ባትሪ ነው። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ከመመዝገቡ በፊት ይመርመር የሚለውም ለጌጥ አይደለም። እውነት ለመናገር ብረቱ ሁሉን አይናገርም፤ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ቁጥራቸው አጭር ነው፤ የተሠሩበትን ዓመትም አይገልጽም። ለእነዚህ የመጀመሪያው ሰነድ በእርግጥ ያስፈልጋል።

ለጥብቅነቱ የሚከራከሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጦርነት በረገጠው አገር ባለቤቱ የማይታወቅ ተሽከርካሪ ይበዛል፤ ኮንትሮባንድ አለ፤ ሻንሲ የሚፍቅ አለ። ወረቀት ካልተጠየቀ ሌባ በር ተከፈተለት ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ሌባው ነው ወረቀት ለማስተርጎም ገንዘቡም ጊዜውም ያለው! ማህተም ለመግዛት የሚቸገረው ሐቀኛው የገጠር ገዢ ነው። የትርጉም ድርጅቶች የሚበዙት አዲስ አበባ ነው፤ ጋዝጊብላ ያለ ሰው ወረቀቱን ለጉዳይ አስፈፃሚ አስይዞ ይልካል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይልካል። ይህን ሁሉ ችሎ ያመጣው ትርጉም ደግሞ መርማሪው ሻንሲውን አጎንብሶ ካላየ አንድም ሌባ አይዝም።

ጥያቄው እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። መንግሥት ጥር 2016 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ገበያው ወደ ቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ዞሯል፤ ከነሱ ጋርም የቻይንኛ ወረቀት፣ የቻይንኛ ስክሪን፣ የቻይንኛ የባትሪ ዋስትና ይመጣል። ዛሬ በባጃጅ ያልተፈታ ነገር ነገ በባትሪ አይፈታም።

ሰነዱ የሚጣራበት ትክክለኛ ቦታ መኪናው አገር ውስጥ የሚገባበት ነው። ጉምሩክ አስመጪውን በራሱ ወጪ ያስተርጉም፣ የራሱ ሠራተኛ ያመሳክር፣ ውጤቱንም በኤሌክትሮኒክ ሥርዓቱ ይመዝግበው፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ዞን ያንኑ ወረቀት ደግሞ አይጠይቅ። ከሊብሬው ጋርም አንድ ገጽ በአማርኛ ይውጣ፤ ቀረጡ ተከፍሏል ወይስ ነፃ ነው፣ ዕዳና እገዳ አለው ወይስ የለውም፣ የተሠራው በየትኛው አቆጣጠር መቼ ነው የሚለውን ይያዝ። ዋግ ኽምራ ውስጥ ያው ገጽ በኽምጥኛ ይታተም፤ ማተም ካልተቻለ መዝጋቢው ባለ ንብረቱን ከማስፈረሙ በፊት ጮክ ብሎ ይተርጉምለት፤ እንዳነበበለትም ፈርሞ ያረጋግጥ። አንድ አኃዝ ተሳስቶ ከተገኘም ስህተቱን አርሞ ወጪውን የሚሸከመው ሰነዱን አመሳክሬያለሁ ብሎ የፈረመው መሥሪያ ቤት ይሁን እንጂ፣ ቦሎ ሊያሳድስ ወደ ዞኑ ከተማ ሰቆጣ ድረስ መጥቶ «ሻንሲው ከሊብሬው ጋር አልገጠመም» ተብሎ የተመለሰው ባለ ባጃጅ አይሁን።