ስለ ዓሣ መስታወት፤ የወለሉ አፈርና የውኃው ተክል አመራረጥ



በዚህ ወር የምንነጋገረው በብዙ ቤት በእንግዳ መቀበያ ክፍል ጥግ ተቀምጦ ስለሚታየው የዓሣ መስታወት፥ ማለት አኳሪየም ስለሚባለው ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው ደስታና ትምህርት ብለው ገዝተው ያስገቡታል፤ ነገር ግን ወር ሳይሞላው ውኃው ይደፈርሳል፥ ዓሣዎቹም አንድ በአንድ ሞተው ይገኛሉ። ከዚህ በኋላ እናት በየሳምንቱ ስታጥብ፥ አባት ስለ ወጪው ሲያጕረመርም፥ ልጅም ሲያለቅስ ይታያል፤ በመጨረሻም መስታወቱ ባዶውን ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። የዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ የመሣሪያ ጕድለት አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር፥ ይኸውም ወለሉና ተክሉ፥ ሳይታሰብበት በመቅረቱ ነው።

ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደው ቆሻሻ፥ እንዲሁም ሳይበላ የቀረው ምግብ ሲበሰብስ፥ አሞኒያ የሚባለውን መርዝ ያስገኛል። በወንዝና በሐይቅ ይህ መርዝ በብዙ ውኃ ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል፤ በመስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ለዓሣ መርዝ ነው፤ የናይትሬት ጕዳት ግን እጅግ ያነሰ ነው። ተክል ደግሞ አሞኒያውንም ናይትሬቱንም እንደ ምግብ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ የወለሉ ጠጠርና ተክሉ ለጌጥ ብቻ የገቡ አይደሉም፤ ሌሊትና ቀን ሳያርፉ የሚሠሩ የቤቱ አጣቢዎች ናቸው።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1850 ዓ.ም. ሮበርት ዋሪንግተን የተባሉ የለንደን ኬሚስት ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችን ቫሊስኔሪያ ከሚባል የውኃ ተክል ጋራ በአንድ የብርጭቆ ዕቃ አኑረው የተመለከቱትን በጽሑፍ አወጡ። ከዕቃው ሥር አሸዋና ጭቃ አድርገው ነበር። አሮጌዎቹ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን ባደፈረሱት ጊዜ ቀንድ አውጣዎችን ጨመሩበት፤ እነርሱም የበሰበሰውን እየበሉ ውኃውን አጠሩት። ከብዙ ዘመን በኋላም በ1999 ዓ.ም. ዲያና ዋልስታድ የተባሉ አሜሪካዊት በጻፉት መጽሐፍ፥ ተራ አፈርን በጠጠር ሸፍኖ ተክል ቢተክሉበት ብዙ መሣሪያ ሳያስፈልግ ውኃው ሊጠበቅ እንደሚችል አስረዱ።

እንግዲህ ተክል ለመግዛት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ተክል የሚመገበው ከየት ነው?» የሚል ነው። መልሱ ሦስት ዓይነት ሲሆን፥ ወለሉም መመረጥ ያለበት በዚሁ መልስ መሠረት ነው።

አንደኛው ወገን በሥሩ ከመሬት የሚመገበው ነው። ከዚህ ወገን ለጀማሪ የሚስማሙት ከስሪላንካ የተገኘው ክሪፕቶኮሪን ዌንድቲና ከላይ ያነሣነው ቫሊስኔሪያ ናቸው። ክሪፕቶኮሪን ብዙ ብርሃን ሳይሻ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ነገር ግን ከቦታው ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ሲተከል ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ቀልጦ ይረግፋል። ይህን ያየ ሰው ሞቷል ብሎ እንዳይጥለው እንመክራለን፤ ሥሩ ደኅና እንደሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ ቅጠል ያወጣልና። ቫሊስኔሪያ ደግሞ እንደ ሣር ረዥም ቅጠል ያለው ሲሆን፥ በወለሉ ላይ የሚሳብ ቅርንጫፍ እየላከ ይራባል።

ሁለተኛው ወገን ምግቡን ከውኃው የሚወስድ፥ በድንጋይና በእንጨት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ነው። የምዕራብ አፍሪካው አኑቢያስና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው ጃቫ ፈርን ከዚህ ይቈጠራሉ። ሁለቱም በአግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው፤ ይህ ግንድ በአፈር ወይም በጠጠር ውስጥ የተቀበረ እንደሆነ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው ተክል ሁሉ መቀበር አለበት ብሎ ስለሚያስብ የሚያጠፋቸው በዚህ ነው። በጥጥ ክር ከድንጋይ ጋራ ቢታሰሩ ሥራቸው ራሱ ድንጋዩን ይይዘዋል። እነዚህ ለጥላ የተስማሙ ስለሆኑ ብርሃን ሲበዛባቸው ዋቅላሚ የሚባለው አረንጓዴ ልጋግ ቅጠላቸውን ይሸፍነዋል።

ሦስተኛው ወገን ሥር ሳይኖረው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነው፤ ምሳሌውም ሴራቶፊለም ነው። ፈጥኖ ስለሚያድግ ከውኃው አሞኒያን በብዛት ይወስዳል። ስለዚህ ቀስ ብለው የሚያድጉት እስኪጸኑ ድረስ እንደ ሞግዚት ሆኖ ያገለግላል፤ ሲበዛም እየተቈረጠ ይወጣል።

አሁን ወደ ወለሉ እንመለስ። ቤተ ሰቡ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ወገን ብቻ የመረጠ እንደሆነ አፈር አያስፈልገውም፤ በሚገባ የታጠበ ጠጠር፥ ፍሬው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢነጠፍ ይበቃል። ከሁሉ ይልቅ ሥራ የሚያቀለው መንገድ ይህ ነው። ሥር የሚሰድ ተክል የፈለገ ግን ከጠጠሩ በታች አፈር ያድርግ። አፈሩም ፍግ፥ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ካልነካው ስፍራ ተወስዶ በወንፊት ይነፋ። ፍግ የገባበት አፈር አሞኒያ ስለሚያፈልቅ ፈጽሞ አይግባ፤ የመረሬ አፈርም በውኃ አብጦ የሚያጣብቅ ጭቃ ስለሚሆን አይመረጥም። የአፈሩ ውፍረት ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከዚህ እጅግ የወፈረ እንደሆነ አየር አጥቶ ይጠቍራል፥ የተበላሸ ዕንቍላል የሚሸት ጋዝም ያወጣል። ጠጠሩም ያንኑ ያህል ሆኖ ይሸፍነው።

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ልጆች ራሳቸው ቢሠሩት መልካም ትምህርት ነው። ርዝመቱ 60፥ ስፋቱ 30፥ ከፍታውም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት እስከ አፉ 54 ሊትር ይይዛል። ለወለሉ 4 ሊትር ተኩል አፈርና 4 ሊትር ተኩል ጠጠር ይበቃዋል። ውኃው ብቻውን ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ጠረጴዛው ጽኑ ይሁን። ጠጠሩ የኖራ ድንጋይ እንዳለበት ለማወቅም ጥቂት አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው፤ አረፋ ያወጣ እንደሆነ ኖራ አለበት፥ የውኃውንም ጠባይ ይለውጣልና ሌላ ይፈለግ።

ውኃ ሲሞላ ወለሉ እንዳይታወክ በጠጠሩ ላይ ሳሕን አኑሮ በሳሕኑ ላይ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ይገባል። መስታወቱ ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት ራቅ ይበል፤ መብራቱም በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቢበራ ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ለልጆች እጅግ የሚከብደው ነገር፥ ይኸውም መጠበቅ ነው። ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ሥራቸውን እስኪጀምሩ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ተክሉ አስቀድሞ ይጽና፤ ዓሣው በኋላ ይምጣ። በመመርመሪያ ጠብታ ተለክቶ አሞኒያውም ናይትራይቱም ባዶ መሆናቸው ሲረጋገጥ ጥቂት ትንንሽ ዓሣዎች ይግቡ። ወርቃማው ዓሣ ግን እየገዘፈ ስለሚሄድና ተክሉን እየቈፈረ ስለሚነቅል ለእንዲህ ያለ ትንሽ መስታወት አይሆንም። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ፥ እንደ አዲስ አበባ ባለው አገር፥ የሞቃት አገር ዓሣ ማሞቂያ እንደሚያስፈልገው አይዘንጋ።

ይህ ሁሉ በሥርዓቱ ከተደረገ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከውኃው አንድ አራተኛውን ማውጣትና ክሎሪኑ በተወገደለት ውኃ መተካት፥ የበሰበሰውን ቅጠል መልቀም፥ ዓሣዎቹ በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መመገብ ነው። ወለሉን ግን ለማጥራት ብሎ ማገላበጥ አይገባም፤ አጣቢዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነውና።

በመጨረሻ አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ከመስታወቱ የተቈረጠ ተክል ወደ ወንዝ፥ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ቦይ ከቶ አይጣል። እንቦጭ የሚባለው አረም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሰዎች ስለ አበባው ውበት ወደ ሌሎች አህጉራት ወሰዱት። በአገራችንም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በቆቃና በአዋሽ፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ሐይቅ መታየቱ ተመዝግቧል። በጣና ዳር የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚጥልበት፥ ገበሬውም ከብቱን የሚያጠጣበት ስፍራ በዚህ አረም ተሸፍኖበታል። ስለዚህ ከቤታችን መስታወት የሚወጣው ትራፊ ሁሉ፥ አንዲት ቍራጭም ብትሆን፥ በፀሐይ ደርቃ ወደ ጓሮው ጕድጓድ ትግባ፤ ይህንም ሥራ ለልጆቻችን አደራ ብለን እንስጣቸው።