መውጫው ለምን ይዘጋ?

በትምህርት ክፍላችን የመመረቂያ ጽሑፎችን ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰርቨር አለ። ባለፈው ወር አስተዳደሩ፣ መረቡን አንቀራፈፈ ሲል እንድንዘጋው ጻፈልን። ስሞታው ሐሰት አይደለም፤ ወደ ውጭ የሚላከው መስመሩን ሲሞላ፣ ከውጭ ለተቀበልነው የምንመልሰው «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫም ራውተሩ ላይ ተራ ይጠብቃል፤ መውጫው ሲታነቅ መግቢያውም ይታነቃል። ነገር ግን መውጫችን በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ነውና፣ ሰርቨሩ ከ600 ኪሎቢት እንዳያልፍ ራውተሩ ላይ መገደብ ይበቃል። ደብዳቤውን ከመጻፍ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የእኛው ዓይነት የኤ.ዲ.ኤስ.ኤል መስመር ሲፈጠር ጀምሮ ለመቀበል ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደልም «ያልተመጣጠነ» ማለት ነው። ተቀባይ እንጂ ሰጪ እንደማንሆን አስቀድሞ ታስቦልናል። የቀረችንን ቀዳዳ በገዛ እጃችን እንድንደፍን መታዘዛችን ግን ከዩኒቨርሲቲ የሚጠበቅ አይደለም። ገደቡን አበጅቻለሁ፤ ሰርቨሩን አልዘጋሁም።