ደረቁ ሜዳ ለልጆች የሚያስተምረው



የትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት በቀረበ ቁጥር በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም «ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» የሚል ነው። ልጆቻችን በቤተ ክርስቲያን ስለ አባ እንጦንስ በረሃ ሲሰሙ፣ በትምህርት ቤትም ስለ ዳሎል ሲማሩ ምድረ በዳን በዓይናቸው ለማየት ይመኛሉ። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በሙቀቱም በዓለም የታወቀ ስፍራ ነውና ሕፃን ይዞ ወደዚያ መውረድ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለሐሙሲትና ለወረታ ቤተ ሰቦች ግን የደረቅ ምድርን ጠባይና የውኃን ዋጋ የሚያስተምር ሜዳ ከደጃቸው ተዘርግቶላቸዋል። እርሱም ፎገራ ነው።

በእርግጥ ፎገራ በረሃ አይደለም። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን በምዕራብ በኩል ከጣና ሐይቅ ጋር ይዋሰናል። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ብዙው ክፍል ውኃ ይለብሳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍም ብዙዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ይኸው ሜዳ በበጋ ሲታይ ግን ሌላ አገር ይመስላል። ጥላ የለውም፤ ነፋሱ አቧራ ያስነሣል፤ ጥቁሩም አፈር የልጅ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ የአንድ ቀን ጉዞ ሲታሰብ መነሻው ማለዳ ይሁን። ከሐሙሲት ወደ ወረታ የሚወስደው ዋና መንገድ ጉማራን በድልድይ ይሻገራል። በዚያ አካባቢ ከመኪና ወርዶ ከብት በሚነዳበት የእግር መንገድ መሄድ ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው። በወንዙ ዳር ካሉት ዛፎች በአንዳንዶቹ ግንድ ላይ የክረምቱ ሙላት ትቶት የሄደው ጭቃና ገለባ ደርቆ ይገኛል። ልጁን ከምልክቱ ሥር አቁሙትና ውኃው በእርሱ ቁመት ስንት እጥፍ እንደ ነበረ ይመልከት። ከዚያ ወደ ወንዙ ወለል ይይ፤ በበጋ የቀረውን ቀጭን ውኃ ገበሬው በሞተር እየሳበ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ያጠጣበታል።

ልጅ «ምድሪቱ ለምን ተሰነጠቀች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባት «እንዲሁ ነው» ብሎ አይለፈው። ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ በዚያው ስንጥቅ ወደ ጥልቁ ይገባል። ሩዝ ከታጨደ በኋላ የሚዘራው ሽምብራና ጓያ ያለ ዝናብ የሚያድገው አፈሩ ከክረምት ያስቀረውን እርጥበት እየጠጣ ነው። የሞተ የሚመስለው ሜዳ በውስጡ ስንቅ ይዟል።

ሩዙም ቢሆን ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች በደራና በፎገራ ካስተዋወቁት በኋላ፣ ቀድሞ ውኃ ይተኛበት የነበረው መሬት የእህል ማሳ ሆነ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው በዚሁ አካባቢ ካለችው ከጅግና ነው። በዚህ እህል ብዙ ቤት ጠግቧል። ነገር ግን ያው መሬት ቀድሞ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። ግጦሹ ሲታረስ፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና የታየው እምቦጭም የሐይቁን ዳር ሲይዝ፣ የከብቱ መሰማሪያ ጠበበ፤ ንጹሕ ዝርያውም እየተመናመነ ነው። አያት ወይም ሌላ ሽማግሌ አብሮ ቢሄድ የከብቱን መልክና የቀድሞውን መሰማሪያ በጣቱ እያመለከተ ያስረዳል። ይህን ያየ ሰው ሳይነግራቸው ካለፈ፣ ልጆቹ ሜዳው ከጥንት እንዲሁ የነበረ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የመሶቡን መሙላትና የግጦሹን ማነስ አብረን እንንገራቸው፤ ነገ ስለዚህ መሬት የሚመክሩት እነርሱ ናቸውና።

ጉዞው ሥርዓት ይኑረው። ፀሐይ ሳይበረታ መነሣት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚበቃ የተፈላ ውኃ መያዝ፣ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ አለመርሳት ይገባል። ለስንቅ ዳቦ ቆሎና በአገልግል የተቋጠረ ምሳ ይበቃል፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም ይሁን። ልጆች የሰው ማሳ እንዳይረግጡ፣ ከብት እንዳያስደነግጡ፣ ወደ ወንዝም ብቻቸውን እንዳይወርዱ ይጠበቁ። በእርሻው ላይ ላለ ሰው «እግዚአብሔር ያበርታ» ሳይሉ ማለፍ ነውር መሆኑንም በዚያው ይማሩ።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት የብዙ ቤተ ሰብ ጉዞ አስቀርቷል። ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው ሳያረጋግጡ ልጆችን ይዞ መውጣት አይገባም። ቀኑ ካልተመቸ በቤት ተቀምጦ ሽማግሌ ስለ ሜዳው እንዲተርክ ማድረግ ይቻላል፤ ሜዳው ሰላም እስኪሆን ይቆያል።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እያንዳንዱ ልጅ ያየውን አንድ ነገርና ያልገባውን አንድ ነገር ይናገር። ላልገባው ነገር በዚያው ምሽት መልስ ባይገኝ፣ በሚመጣው ሐሙስ ለገበያ ወደ ሐሙሲት ከሚመጡት ገበሬዎች አንዱን አብሮ መጠየቅ ነው።