«ላስት ይር» አምና ነው እንዴ?

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እናቴን ይዤ ሕክምና ሄድኩ። የግፊት ኪኒን ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም ነበር። ካርድ የምትሞላው ሲስተር «መድኃኒቱን መቼ ነው የጀመሩት?» ብላ ስትጠይቅ፣ እናቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። «ላስት ይር፣ ዲሴምበር ላይ!»

ሲስተሯ «አምና ታኅሣሥ» ብላ ጻፈች።

ዶክተሩ ግፊቷን ለካና ካርዱን አየ። «ዓመት ሙሉ ወስደውት ካልወረደማ መጠኑን መጨመር አለብን» አለ። እናቴ ደነገጠች። «የምን ዓመት ነው ልጄ? የዘንድሮው ቁልቢ ማግስት እኮ ነው የጀመርኩት!»

ወር ያልሞላው ነገር በእኔ አፍ ከዓመት በላይ ሆኖ ቁጭ አለ። ሲስተሯ አልተሳሳተችም። እኔም የዋሸሁት ነገር የለም። ስልኬ ላይ ያለው ካላንደር የፈረንጅ ነው፤ ጃንዋሪ ከገባ ዲሴምበር «ላስት ይር» ነው። ግን «ላስት ይር» እና «አምና» አንድ አይደሉም።

እስቲ እንቁጠረው። ጃንዋሪ 1 የሚውለው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ነው። የእኛ ዓመት የሚቀየረው ግን መስከረም 1 ነው። ስለዚህ ጥር ላይ ሆናችሁ የጥቅምትን ነገር ስታወሩ በእንግሊዝኛው «ላስት ይር»፣ በአማርኛው «ዘንድሮ» ነው። መስከረም ላይ ደግሞ ይገለበጣል፤ የግንቦቱ ፈተና ለአማርኛው አምና ሲሆን ለእንግሊዝኛው «ዚስ ይር» ነው። ቀጠሮ፣ ውል፣ የቤት ኪራይ፣ የመድኃኒት መጠን እዚህ መሀል ነው የሚጠፋው።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «አቦ አታካብድ! ድሬ ላይ ሆነህ ስለ ንጹሕ አማርኛ ታወራለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ከባቡሩ ጋር የመጣች ከተማ ናት። «ለገሃር» የምንለው ራሱ ፈረንሳይኛ ነው። አንድ ሻይ እስክንጠጣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እንቀላቅላለን። ቃል መዋሳችን አይደለም ያስጨነቀኝ። «ቻርጀር» በሉ፣ «ባጃጅ» በሉ፣ ዕቃው ያው ዕቃ ነው። የጊዜ ቃል ግን ሲመጣ መቁጠሪያውንም ይዞ ይመጣል።

«ላስት ሰመር» የምንለውን ውሰዱ። ፈረንጅ «ሰመር» ሲል ፀሐይና ሽርሽር ይታየዋል። «ክረምት» ግን ዝናብ ነው። ደቻቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ውሃው የሚመጣው ከደጋው ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ከተማው ተኝቶ ሳለ ወንዙ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የሰፈራችን እናቶች ያንን ሌሊት ሲያነሱ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ በክረምት» ይላሉ። ቀኑም፣ ሌሊቱም፣ ዝናቡም እዚያች አጭር ንግግር ውስጥ አለ። «አጥቢያ» የሚለው ቃል የቅዳሜን ማታ ከእሁድ ንጋት ጋር ያስተሳስረዋል። «ላስት ናይት» ይህን አይነግራችሁም። ያንን ጎርፍ ያላየ የእኔ ታናሽ «ሰመር» እያለ ካደገ፣ ክረምት ሲገባ ከወንዙ መራቅ እንዳለበት ቃሉ ራሱ አያስታውሰውም።

እንግሊዝኛ አታውሩ እያልኩ አይደለም። እንግሊዝኛ ስታወሩ በእንግሊዝኛው ቁጠሩ፣ አማርኛ ስታወሩ በአማርኛው። አምና፣ ሐቻምና፣ በቀደም፣ ከትናንት ወዲያ፣ ቅድም፣ ሰሞኑን፤ ሁሉም አጫጭር ናቸው፣ ለቴሌግራምም አይከብዱም። ካላንደራችሁ የፈረንጅ ከሆነም ግድ የለም፤ የስልክ መተግበሪያው ብዙ ነው፣ የኢትዮጵያውን ጎን ለጎን ጫኑበት። ከተጠራጠራችሁ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጥሩት።

እኔ እንኳ ተምሬያለሁ። ተምሬያለሁ ብልም ሰሚ የለም እንጂ፤ አሁን ሕክምና ስንሄድ ሲስተሯ ጥያቄ ልትጀምር ስትል እናቴ በክርኗ ጎሸም ታደርገኝና «አንተ ዝም በል፣ እኔ እነግራታለሁ» ትለኛለች።