ከተርባይኑ በፊት ነፋሱ ይመዘን

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ርቆ የሚኖረው የገጠር ቤተሰብ ኩራዝን ለመሰናበት የሚያደርገው ጥረት ዛሬም ከልማት ጥያቄዎች ሁሉ ፊት የሚሰለፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ ለሚሆነው ሕዝብ መብራት የሚደርሰው ከዋናው መስመር ውጪ በሆኑ አማራጮች እንደሚሆን ማቀዱ የጥያቄውን ስፋት ያሳያል። ከእነዚህ አማራጮች መካከል በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ የሚተከል ትንሽ የነፋስ ተርባይን አንዱ ሆኖ ይነሳል። ነፋስ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሌሊትም ይነፍሳል፣ ደጋው ደግሞ ነፋሻ ነው የሚለው ሐሳብ በቀላሉ የሰውን ልብ ይስባል። ይሁን እንጂ አርሶ አደሩ የምርቱን ገንዘብ፣ ወረዳውም የመንግሥትን በጀት ከማውጣቱ በፊት ይህ ሐሳብ በሂሳብ ሊፈተሽ ይገባዋል።

ለሐሳቡ ድጋፍ የሚሆነው የሀገሪቱ የትልልቅ ነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ስኬት ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያ 120 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው የአዳማ ጣቢያ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እነዚህን ግዙፍ ተርባይኖች ያየ ሰው፣ ትልቁ ለሀገር ከበቃ ትንሹ ለአንድ ጎጆ እንዴት ያቅተዋል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን እነዚህ ተርባይኖች የተተከሉት ነፋሱ ለረጅም ጊዜ በመሣሪያ ተለክቶ በተመረጠ ገላጣ ከፍታ ላይ፣ ያውም ከ60 ሜትር በሚልቅ ምሰሶ ጫፍ ነው። የቤት ጣሪያ ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱንም አያሟላም።

የመጀመሪያው ቁም ነገር ኃይል ከነፋሱ ፍጥነት ጋር ያለው ዝምድና ነው። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በውስጡ ያለው ኃይል በእጥፍ ብቻ ሳይሆን በስምንት እጥፍ ያድጋል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስም ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ለምሳሌ የክንፎቹ ዙሪያ 1 ሜትር ተኩል ዲያሜትር ያለው ተርባይን ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ሲነፍስ 400 ዋት አካባቢ ሊያመነጭ ይችላል። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውም ይህ ቁጥር ነው። በሰከንድ 12 ሜትር ማለት ግን ትልልቅ የዛፍ ቅርንጫፎችን የሚያወዛውዝና ጃንጥላ ይዞ መሄድን የሚያስቸግር ነፋስ ነው። ፍጥነቱ ወደ 6 ሜትር ሲወርድ ያው ተርባይን የሚሰጠው 50 ዋት ያህል ይሆናል፤ ወደ 3 ሜትር ሲወርድ ደግሞ 6 ዋት ገደማ ብቻ። የዛፍ ቅጠል በቀስታ የሚያንሿሽው የዘወትር ነፋስ ፍጥነቱ ከዚሁ ከ3 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ተርባይኖች መዞር የሚጀምሩትም እዚሁ ፍጥነት ላይ ሲደርሱ ነው።

ሁለተኛው የከፍታ ጉዳይ ነው። በ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፍ የመግፋት ጉልበቱም በዚያው ልክ ያንሳል። በመሆኑም በባሕር ጠለል ላይ ተፈትኖ የተጻፈ ቁጥር ለደጋው ቤት እንዳለ ሊወሰድ አይችልም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የጣሪያው ቦታ ራሱ ነው። ይህን ለአርሶ አደሩ ማስረዳት አያስቸግርም። አውድማ የሚለቀለቀው ነፋስ እንደልብ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ እንጂ ከቤት ጓሮ ወይም ከባሕር ዛፍ ሥር አይደለም። በመንሽ የተበተነው እህል ከገለባው የሚለየው ነፋሱ በአንድ አቅጣጫ ሳይቆራረጥ ሲመጣ ነው። በቤትና በዛፍ የታጠረ ነፋስ ግን ይሽከረከራል፣ ይቋረጣል፣ አቅጣጫውንም በየቅጽበቱ ይለውጣል። ለምርት ማናፈሻ ያልሆነ ነፋስ ለተርባይንም አይሆንም። በዚህ ምክንያት የዘርፉ ባለሙያዎች የተርባይኑ ክንፍ የታችኛው ጫፍ ከ100 እስከ 150 ሜትር ዙሪያ ካለ ቤትም ሆነ ዛፍ ቢያንስ በ9 ሜትር ከፍ ማለት አለበት ይላሉ። በዛፍ በተከበበ የገጠር ቤት የቆርቆሮ ክዳን ላይ ይህን ማሟላት የሚታሰብ አይደለም።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ሂሳብ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ይልቅ ነፋሻ በሆነችው ብሪታንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው የታወቀ ሁለት ጥናቶች ተካሂደዋል። በአንደኛው በሕንፃዎች ላይ የተተከሉ 26 ተርባይኖች ምርት ተለክቶ፣ በብልሽትና በነዋሪዎች ቅሬታ የቆሙበት ጊዜ ጭምር ሲቆጠር፣ አንዱ ተርባይን በአማካይ በቀን 214 ዋት ሰዓት ብቻ እንዳመነጨ ታውቋል። በሌላኛው ጥናት በከተማና በከተማ ዳር ቤቶች ጣሪያ ላይ ከተተከሉት መካከል በዓመት ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያመነጨ አልተገኘም። ይኸው ጥናት ግን በገላጣ ገጠር በራሳቸው ምሰሶ ላይ የቆሙ ተርባይኖች ጥሩ ውጤት እንደሰጡ መዝግቧል። ስለዚህ ጥፋቱ የነፋስ ኃይል አይደለም፤ ጥፋቱ ያለቦታው መትከሉ ነው።

ይህ ከፀሐይ ኃይል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። የአንድ መካከለኛ የገጠር ቤተሰብ የመብራት ፍላጎት ብዙ አይደለም። ባለ 5 ዋት አራት አምፖሎች ለአራት ሰዓት ሲበሩ 80 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። የሁለት ሞባይል ስልክ ቻርጅ፣ ሬዲዮና ለሁለት ሰዓት የሚከፈት ትንሽ ቴሌቪዥን ሲጨመር ጠቅላላው 150 ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። በደጋው ፀሐይ አንድ ባለ 100 ዋት ፓነል በጥሩ ቀን 400 ዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል። ይህም በእነዚያ 26 ተርባይኖች ከተመዘገበው አማካይ ምርት በእጥፍ የሚጠጋ ነው። ለቤተሰቡ ፍላጎት የዚህ ፓነል ግማሽ እንኳ ይበቃል። ፓነሉ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው የሚጠይቀው እንክብካቤ አቧራውን መጥረግና ከጥላ መጠበቅ ነው። ተርባይኑ ግን ተሸካሚ ኩሽኔታ፣ የሚያልቅ ክንፍና የሚላላ ብሎን አለው። ንዝረቱ ቀንና ሌሊት የጣሪያውን ማገርና ምስማር ያነቃንቃል። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ግድግዳ ይህን እንዲሸከም ታስቦ አልተገነባም። ባትሪ ደግሞ ለሁለቱም ያስፈልጋልና ተርባይን የገዛ ሰው ከባትሪ ወጪ አያመልጥም።

በክረምት ፀሐይ ስለምትደክም ነፋሱ ክፍተቱን ይሞላል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። በመርህ ደረጃ ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ይሁንና በሀገሪቱ ደጋማ ቦታዎች ነፋሱ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ ነው። ይህ ለብሔራዊው የኃይል ቋት ትልቅ ጥቅም አለው፤ የግድቦች ውኃ በሚቀንስበት ወራት የነፋስ ጣቢያዎቹ ያግዛሉ። ለአንድ ቤት ግን ነፋሱ የሚመጣው ፀሐዩም በሚተርፍበት ጊዜ ነው። ለክረምቱ ተጨማሪ ፓነል ወይም ተለቅ ያለ ባትሪ ማከል ከተርባይን ይልቅ አስተማማኝ ነው።

እናቶችን ከማገዶ ሸክምና ከጭስ ይገላግላል የሚለው ተስፋም በጊዜ ሊታረም ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚፈልግ ዕቃ ነው። 6 ወይም 50 ዋት በሚሰጥ ተርባይን እንጀራ አይጋገርም። ለማገዶ ችግር መፍትሔው ዋናው መስመር እስኪደርስ ድረስ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ከብት ላለው ቤተሰብ ባዮጋዝ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ትንንሽ ተርባይኖች የትም አይጠቅሙም ማለት አይደለም። ዛፍ በሌለበት ተራራ ትከሻ ላይ የተሠራ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በራሱ ምሰሶ ላይ የቆመ ተርባይን ከፀሐይ ጋር አጣምሮ ቢጠቀም ሊያዋጣው ይችላል። ኤሌክትሪክ ሳያመነጭ በቀጥታ ውኃ የሚስብ የነፋስ ፓምፕም ለከብት መጠጥና ለጓሮ አትክልት የታወቀ አገልግሎት አለው፤ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ውኃው በገንዳ ስለሚጠራቀም ባትሪ አይፈልግም። በሁሉም ግን ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ነፋሱ መለካት አለበት።

ለዚህ የወረዳ ውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ከፍተኛ ነው። በየትኛውም ቀበሌ ተርባይን ለማቅረብ ከመታሰቡ በፊት የነፋስ መለኪያ በታሰበው ቦታና ከፍታ ላይ ተተክሎ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ በጋና ክረምቱን፣ መመዝገብ ይኖርበታል። መለኪያው እስኪገኝ የቦታው ምልክቶች ይጠቅማሉ። ቀላል ባንዲራ ዘወትር የማይዘረጋበት፣ ነፋስ አቧራ የማያነሳበት መንደር ለተርባይን አይታጭም። አቅራቢውም መጠየቅ ያለበት ተርባይኑ ስንት ዋት እንደሆነ አይደለም፤ በሰከንድ 4 ሜትር አማካይ ፍጥነት በዓመት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝና ሲበላሽ ማን ምሰሶ ላይ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይመልስ። ይህን መመለስ ያልቻለ አቅራቢ ከጨረታ ሊታለፍ ይገባል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የገጠር ብድር ተቋማትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ለማይዞር ተርባይን የተሰጠ ብድር ዕዳው ለገበሬው ይቀራል፤ ለዘርና ለማዳበሪያ ሊውል የሚገባውን ገንዘብም ይሻማል። የአፈጻጸም ሪፖርትም የተከፋፈለውን ዕቃ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ መብራታቸው የሚበራ ቤቶችን ቁጥር ማሳየት አለበት። ጣሪያ ላይ ዝጎ የቆመ ተርባይን በሪፖርት ላይ እንደ ስኬት ከተቆጠረ የሚጎዳው ያንኑ ቤተሰብ ብቻ አይሆንም። ጎረቤቶቹ ሁሉ ነገ የሚመጣውን ደህና ቴክኖሎጂም በጥርጣሬ ያዩታል።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደሚባለው፣ ምጠናው ከግዢው መቅደም አለበት። ለተራው መኖሪያ ቤት የዛሬው ትክክለኛ ምርጫ ጥራቱ የተረጋገጠ የፀሐይ ፓነል ነው። የነፋስ ተርባይን ተራው የሚደርሰው ነፋሱ ተለክቶ ባዋጣበት ገላጣ ቦታ፣ በራሱ ምሰሶ ላይ፣ ጠጋኙም በቅርብ ሲኖር ነው። የወረዳ አመራሮች በጀት ከመመደባቸው፣ አርሶ አደሮችም ኪሳቸውን ከመፍታታቸው በፊት ይህን መለየት ይጠበቅባቸዋል።